አየሩን አውጪው

በውሃ ሥራ መሥሪያ ቤት ውስጥ ቀልድ አያልቅም፤ የሚያልቀው ውሃው ነው። መሐንዲሷን «አየር በአየር» ብለው የሰየሟት የመሥሪያ ቤቱ ቀልደኞች ናቸው። አየር በአየር የሚባለው እቃ በእጁ ሳይኖር የሚነግድ ደላላ ነው፤ እሷ ደግሞ ሰው ሁሉ ስለ ውሃ ሲያወራ ስለ አየር ካላወራሁ ያመኛል የምትል ናት። ስሙን መጀመሪያ ስትሰማ ተናደደች፣ እያደር ለመደችው፣ አሁን አሁንማ ስልክ ስታነሳ «አቤት፣ አየር በአየር ነኝ» እስከማለት ደርሳለች።

ሥራዋ ኮምፒውተር ላይ ቧንቧ መዘርጋት ነው። ከፓምፕ ጣቢያው እስከ ላይኛው ሰፈር ገንዳ የሚሄደውን መስመር ከነሽቅቡ ከነቁልቁለቱ፣ ከነውፍረቱ ከነዕድሜው ታስገባለች። ከዚያ ፓምፑን ታስነሳለች፣ ታጠፋለች፣ መብራት በድንገት እንደሄደ ታደርጋለች፤ ግፊቱ የት እንደሚዘልና የት እንደሚሰብር ቁጭ ብላ ታያለች። ሞዴል ይሉታል። እውነተኛው ቧንቧ ከመፈንዳቱ በፊት ውሸተኛውን አፈንድቶ ማየት ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

አዲሱ መስመር ነገ ሊመረቅ፣ ዛሬ ከምሳ በኋላ ውሸተኛው ቧንቧ ፈነዳባት።

ቧንቧው ሙሉ ነው ብላ ስታስነሳው ምንም አልነበረውም፤ ግፊቱ ከፍ አለና ረጋ። ቧንቧው ጉብታውን ወጥቶ በሚወርድበት ቦታ፣ ጫፉ ላይ፣ ትንሽ አየር ስታስቀምጥለት ግን ሥዕሉ አበደ። ሁለቱ ትልልቅ ፓምፖች እኩል ሲነሱ የሚመጣው ውሃ አየሩን ይጨምቀዋል፤ አየሩም ተጨምቆ ዝም አይልም፣ ውሃውን መልሶ ይመታዋል። ምቱ የሚያርፈው ከጉብታው በፊት ባለው ሸለቆ፣ አዲሱ ብረት ከአሮጌው ጋር የተበየደበት ቦታ ላይ ነው። እዚያ ደግሞ ቤቶች ከቧንቧው ጋር ጀርባ ለጀርባ ተደርድረዋል። መሐንዲሷ ያደገችው ከእነዚያ ቤቶች በአንዱ ነው፤ ያሳደጓት አጎቷና ሚስታቸው ዛሬም እዚያው ናቸው።

አየሩ ጉብታው ላይ መኖሩን በምን አወቀች? ይህን ለመረዳት የመሥሪያ ቤቱን አንድ ቃል ማወቅ ያስፈልጋል። አዲስ መስመር ሲሞላ በትንሿ ፓምፕ ቀስ ተብሎ ውሃ ይለቀቅበታል፤ ሌላኛው ጫፍ ላይ የቆመው ሰው ውሃ ሲፈስ ካየ ሬዲዮውን አንስቶ «ሞልቷል!» ይላል። በቃ። ሞልቷል ከተባለ ተባለ ነው፤ ትልልቆቹን ፓምፖች የሚያግዳቸው የለም። ይህን ቃል በሬዲዮ ሲጮኹ የኖሩት፣ ኋላም የፓምፕ ጣቢያው ኃላፊ የሆኑት አጎቷ ስማቸው ራሱ ጋሽ ሞልቷል ሆኗል፤ እናት አባታቸው ያወጡላቸውን ስም የሚያስታውሱት ሚስታቸው ብቻ ናቸው። ትናንትም አዲሱ መስመር ላይ፣ ገንዳው ጋ ቆመው «ሞልቷል» ያሉት እሳቸው ናቸው። ቆጣሪው ግን ሌላ ነው የሚለው፤ የገባው ውሃ ከቧንቧው ሆድ ያንሳል። ውሃው ጉብታውን ተሻግሮ፣ ከአየሩ ሥር ሹልክ ብሎ ወርዶ፣ ገንዳው ጋ ደርሷል። መድረስና መሙላት አንድ የሚመስለው መሥሪያ ቤት ደግሞ ጭብጨባውን አዘጋጅቶ ይጠብቃል።

ጉብታው ጫፍ ላይ አየር ማስተንፈሻ አልተገጠመም እንዳይባል ተገጥሟል። ከሥሩ ያለው መዝጊያ ተዘግቶ ነበር፤ የሚከፍተው ሰው ሳይደርስ አስፋልት አንጣፊዎቹ ቀድመው ደረሱና መዝጊያው ያለበትን ማንሆል ከነክዳኑ ቀብረውት ሄዱ። አስፋልቱ የተነጠፈው ለነገ እንግዶች ነው። ከዚያ በፊት የመንገዱን ጉድጓድ ሰው ሁሉ በየስሙ ነበር የሚያውቀው።

መሐንዲሷ ወደ ሥራ አስኪያጁ ክፍል ገባች። ዩኒቨርሲቲ አብረው ነው የተማሩት፤ ያንኑ ቀመር ከአንድ ሰሌዳ ላይ ገልብጠዋል። ሰውየው የማያውቅ ቢሆን ቁጭ አድርጋ ታስረዳው ነበር። የሚያውቅን ሰው ማስረዳት ነው አንጀት የሚያሳርረው።

«ፈርሚና እንገላገል» አለ ገና በሩ ላይ ሳለች። መስመሩ ዝግጁ ነው ብሎ መፈረም የእሷ ክፍል ሥራ ነው።

«አልሞላም።»

«ሬዲዮ አልሰማሽም? ሞልቷል ተባለ እኮ።»

«ደረሰ እንጂ አልሞላም። የገባው ውሃ ከቧንቧው ሆድ ያንሳል። የቀረውን ቦታ ማን ያዘው?»

«ቆጣሪው ይሆናላ የተሳሳተው።»

«ቆጣሪውን ባለፈው ሳምንት ያስመረመርከው አንተ ነህ።»

ሥራ አስኪያጁ ፈገግ አለ። ሲሸነፍ ነው ፈገግ የሚለው፤ ከተማሪነቱ ጀምሮ እንዲያ ነው። «እሺ፣ አየር አለ እንበል። አየር ትራስ ነው። ምቱን ያለዝበዋል።»

«ብዙ ሲሆን ትራስ ነው። ትንሽ ሲሆን መዶሻ ነው። ይህን ፈተና ላይ መልሰኸዋል፤ ያውም በትክክል።»

«እና ምን ይሁን ነው የምትዪው?»

«ማንሆሉ ይከፈትና አየሩ ይውጣ። አለዚያ ትልልቆቹ ፓምፖች ነገ አይነሱ።»

«ያንን አስፋልት ልቆፍር? እንግዶቹ የሚያልፉበትን? አብደሻል እንዴ! ፓምፑ ካልተነሳስ ምን ላስመርቅ ነው፣ ሪባን?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደግሞ ሰው ምን እንደሚል ታውቂያለሽ። የአጎቷ ቤት እዚያ ስለሆነ ነው የምትንጨረጨረው ይላሉ።»

«ይበሉ። ቤቱ የሌላ ሰው ቢሆን ልፈርም ነበር?»

ሥራ አስኪያጁ ፊቱ ቅጭም አለ። በሩ ክፍት ነው፤ ጸሐፊዋ የምትተይበውን አቁማ ጆሮዋን ጥላለች። ሰውየው ከመቀመጫው ተነሳ። «ስሚኝ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያንን አየር ያስቀመጠው ማን ነው? አንቺ ነሽ። አሁን ሂጂና አየሩን አውጪው። አውጪውና ፈርሚ።»

«ላውጣው?»

«አውጪው አልኩሽ! ትእዛዝ ነው።»

እሳት ጎርሳ እሳት ለብሳ ወጣች። ጸሐፊዋ ቀና ብላ ሳታያት «አየሩን አውጪው አለ አይደል?» አለቻት በሹክሹክታ፣ ራሷም የሰማችውን ያላመነች ይመስል። መሐንዲሷ እየተጣደፈች አለፈቻት። ደረጃው መሃል ስትደርስ ግን ቆም አለች። ብቻዋን ሳቀች። የጽዳት ሠራተኛዋ መወልወያዋን እንደያዘች ዞር ብላ አየቻትና፣ አየር በአየር ይህን ሁሉ ዓመት ስታወራ ኖራ ይኸው ዛሬ ለየላት ብላ አሰበች።

ሲመሽ አጎቷ ቤት ሄደች። ጋሽ ሞልቷል ወንበር ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን በብሩሽ ያሻሉ፤ ሚስታቸው እትዬ ደግሞ የክት ኮታቸውን ይተኩሳሉ። ነገ የፓምፖቹን ማስነሻ ቁልፍ የሚጫኑት ጋሽ ሞልቷል ናቸው። ጡረታቸው ደርሷል፤ መሥሪያ ቤቱ እንደ ስንብት አድርጎ የሰጣቸው ክብር ነው። ቤቱ ውስጥ ደስታ ደስታ ይሸታል። እሷ ይህን ልታበላሽ መምጣቷን ታውቃለች፤ አፏን ግን አልያዘችም።

ስለ ሞዴሉ ነገረቻቸው። እስከ መጨረሻው ሰሟት። ብሩሹ ቆሟል።

«እንግዲህ የኔን ሞልቷል ኮምፒውተር ውሸት ነው አለ በይኛ።»

«ውሸት ነው አላልኩም ጋሼ።»

«ምን አልሽ ታዲያ?»

ወጥታ፣ ጎረቤቱ ግንበኛ አጥሩ ላይ ጥሎት የሄደውን ግልጽ ጎማ ይዛ ገባች፤ ውሃ ልክ የሚለኩበትን። በሌላ ወንበር መደገፊያ ላይ አሳልፋ በአንዱ ጫፍ ከጆግ ውሃ አፈሰሰችበት። ውሃው ወንበሩን ወጣ፣ ወረደ፣ በወዲያኛው ጫፍ ሳህኑ ላይ ጠብ ጠብ አለ። መደገፊያው ጫፍ ላይ ግን አንድ ጣት የሚያህል አየር ተጋድሞ ቀረ።

«ሞልቷል?» አለቻቸው።

ጋሽ ሞልቷል ጎማውን አዩት። ከዚያ ጫማቸውን አዩ። «ይሄ ጎማ ነው።»

«ኧረ አየሩ ይኸው ተጋድሟል!» አሉ እትዬ ካውያውን አንስተው። «እንደ አማች ተንደላቅቆ!»

«አንቺ ኮትሽን ተኩሺ!»

«ኮቱ ያንተ ነው። ግድግዳው ግን ከኔ ራስ በላይ ነው ያለው።»

«ጋሼ» አለች መሐንዲሷ፣ «የድሮው መስመር ከጣቢያው እስከ ገንዳ ሽቅብ ብቻ ነው። አየሩ ከውሃው ፊት ፊት እየሄደ ራሱ ይወጣል። እዚያ ላይ ደረሰ ማለት ሞላ ማለት ነበር። እርስዎ አንድም ቀን አልዋሹም። ይሄኛው ግን ወጥቶ ይወርዳል። ቃሉ ነው ያልተቀየረው፣ መንገዱ ተቀይሯል።»

ጋሽ ሞልቷል ብሩሹን አስቀመጡት። ሲናገሩ ድምፃቸው ሌላ ነበር። «ዕድሜዬን ሙሉ በዚህ ቃል ነው እንጀራዬን የበላሁት። ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ነገ፣ የመጨረሻ ቀኔ ላይ፣ ልጄ እጄን ልትይዝ ነው?»

እሷን «ልጄ» የሚሏት ሲከፋቸው ብቻ ነው። መሐንዲሷ ጎማውን ከወንበሩ ላይ አነሳች። «አዎ። ከደረስኩ እይዛለሁ።»

ጋሽ ሞልቷል ጫማቸውን አንስተው ወደ መኝታ ክፍል ገቡ። እትዬን በር ላይ ይዛ «ነገ ጠዋት ቤት እንዳይውሉ፤ ለጎረቤቱም ይንገሩልኝ» አለቻቸው።

«ለጎረቤቱ እነግራለሁ። እኔ ግን ልብስ ነክሬያለሁ፤ አጥቤ ሳልጨርስ የትም አልሄድ» አሉ እትዬ። «ደግሞስ አየሩን አወጣለሁ ብለሽ የለም እንዴ? እና አውጪዋ!»

በነጋታው ጠዋት አስፋልቱ ላይ ደረሰች። ከመብራት ምሰሶው በሜትር ለክታ፣ በጠመኔ ክብ ሠርታ፣ ዲጂኖ አነሳች። ብረቱን ያዋሳት የጥገና ክፍሉ ፎርማን ነው፤ ቀጥ ያለና ደረቅ ሰው በመሆኑ እሱንም ዲጂኖ ነው የሚሉት። መሣሪያውንና ሬዲዮውን ይዞ አብሯት መጥቷል፤ ማንሆሉን ማን እንደቀበረበት ስለሚያውቅ ነው የመጣው፣ ቂም አለበት።

የመጀመሪያው ምት ክንዷን እስከ ትከሻዋ አንቀጠቀጠው። ሁለተኛው አስፋልቱን ሰነጠቀው። ሦስተኛው ላይ ዲጂኖ «ለእንግዳ የተነጠፈ ስለሆነ ስስ ነው፣ ግፊ!» አላት። ገፋች። ኮምፒውተር ላይ ስትሠራ የኖረችበት እጅ ወዲያው ውሃ ቋጠረ። የቆመ ሰው ተሰበሰበ፤ ገሚሱ «ምነው ገና ትናንት ያለቀውን?» ይላል፣ ገሚሱ ደግሞ መንገድ ተነጥፎ በማግስቱ ሲቆፈር ማየት ብርቁ ስላልሆነ ዝም ብሎ ይመለከታል።

ትራፊኩ ፊሽካውን እየነፋ መጣ። «አንቺ! እዚህ በኋላ የእንግዳ መኪና ነው የሚያልፈው! ማን ፈቀደልሽ?»

«የመሥሪያ ቤታችን ሥራ አስኪያጅ ትእዛዝ ነው። ይደውሉለት።»

ትራፊኩ ደወለ። ሥራ አስኪያጁ ፓምፕ ጣቢያው ውስጥ ከእንግዶች ጋር ነበርና አላነሳም። ትራፊኩ እንደገና ደወለ። ባርኔጣውን ገፋ አድርጎ ግንባሩን አከከና «እንግዲህ ትእዛዝ ከሆነ መኪናውን በዚያኛው በኩል ላሳልፍ» አለ። መሐንዲሷ ዲጂኖውን እንደገና አነሳች። የብረት ክዳኑ ድምፅ ከሥር ሲመለስላት ልቧ ዘለለ፤ ክዳኑ ግን በሬንጅ ተጣብቋል፣ አይነቃነቅም።

ይሄኔ ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ። «ጉብታው፣ ጉብታው፣ ይሰማል?»

የጋሽ ሞልቷል ድምፅ ነው። ዲጂኖ «ይሰማል!» አለ።

«እዚያ ያለችውን ልጅ ስጠኝ።»

ተቀበለች። «አቤት ጋሼ።»

«መርፌው ሰክሯል» አሉ። «ጠዋት ማንም ሳይመጣ ትንሿን ፓምፕ አስነስቼ የግፊት መለኪያው ፊት ቆምኩ። መርፌው ሄዶ ይመለሳል፣ ሄዶ ይመለሳል። ሙሉ ቧንቧ እንዲህ አያደርግም። አየሩ ወጣ ወይ?»

«ክዳኑ ላይ ደርሻለሁ። ገና አልከፈትኩትም።»

ከአጎቷ ድምፅ ኋላ የሰው ጫጫታ ይሰማል፤ ከጫጫታው መሃል የሥራ አስኪያጁ ድምፅ ወጣ። «ጋሽ ሞልቷል፣ እንግዶቹ ቆመዋል እኮ! ሬዲዮውን ይተዉትና ቁልፉን ይጫኑ!»

መሐንዲሷ ሬዲዮውን በሁለት እጇ ጨመቀችው። ቁልፉ ከተጫነ የሚሆነውን ሥዕሉ ላይ አይታዋለች። እትዬ አሁን ጓሮ ውስጥ፣ ከቧንቧው ጎን፣ ገመዱ ላይ አንሶላ እያሰጡ ነው። እጃቸውን እይዛለሁ ያለቻቸው አጎቷ ደግሞ ያሉት የዲጂኖ ሬዲዮ ካልሆነ በቀር ምንም የማይደርስበት ቦታ ነው።

«ሞልቷል ስሜ ነው» አሉ ጋሽ ሞልቷል፣ ሬዲዮውን ሳይለቁ፣ ቀስ ብለው፣ ሁሉም እንዲሰማ። «ቧንቧው ግን አልሞላም።»

«እንዴት አልሞላም? እርስዎ ራስዎ አይደሉም እንዴ...»

«እኔ ራሴ ነኝ። ከትናንት ወዲያ አልኩ፣ ዛሬ ደግሞ አልሞላም እላለሁ። ትልልቆቹን ፓምፖች እንዳይነሱ ቆልፌያቸዋለሁ። መክፈቻ ቁልፉ ኪሴ ነው፤ ኮቱ አዲስ የተተኮሰ ስለሆነ እንዳትነኩኝ።»

ዲጂኖ ሳቀና ክዳኑን በዶማ ጥግ መታው። ተነቃነቀ። ሁለቱ ተረዳድተው አነሱት። «በአንዴ እንዳትከፍተው!» ብላ ጮኸች መሐንዲሷ፤ አየሩ በአንዴ ከወጣ ውሃው ሮጦ ይከተለውና ራሱ ሌላ ምት ነው። ዲጂኖ ከማንሆሉ ውስጥ ወርዶ መዝጊያውን በትንሹ አዞረ።

መጀመሪያ ፉጨት ሆነ። ከዚያ ጩኸት ሆነ። ጩኸቱ እስከ ታችኛው ሰፈር ድረስ ሄደ፤ የትራፊኩ ባርኔጣ በሮ አስፋልቱ ላይ ተንከባለለ፤ የቆመው ሰው ወደ ኋላ ሸሸ። ይህን ሁሉ አየር ማን አስቦት ነበር? መሐንዲሷ አስባው ነበር። ጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ፣ የተላጠ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ስታወራው የኖረችውን ነገር በጆሮዋ ሰማች። አገር ይስማ አለች በልቧ። አየር በአየር ያላችሁኝ ሁሉ ስሙ።

አየሩ ጊዜ ወሰደ። ትንሿ ፓምፕ ከታች ቀስ እያለች ትገፋለች፣ ጩኸቱ ይቀንሳል፣ መልሶ ይነሳል። እንግዶቹ ጣቢያው ውስጥ ቆመው ቆመው መኪናቸው ውስጥ ገቡና ሄዱ፤ ሪባኑ ሳይቆረጥ ቀረ። ሥራ አስኪያጁ ግን ወደ ጉብታው ነው የነዳው። ከመኪናው ሲወርድ ማስተንፈሻው የመጨረሻውን አየር ተፍቶ ውሃ መርጨት ጀምሮ ነበርና ሱሪው እስከ ጉልበቱ ራሰ።

«በማን ፈቃድ ነው መንገድ የቆፈርሽው?» ጮኸ።

«በአንተ ትእዛዝ። አየሩን አውጪው አልከኝ፣ አወጣሁት።»

«ከኮምፒውተሩ ውስጥ ነበር ያልኩሽ!»

ካለ በኋላ ምን እንዳለ ገባው። ትራፊኩ ባርኔጣውን እያራገፈ አየው። ዲጂኖ ከማንሆሉ ውስጥ አንገቱን አውጥቶ አየው። የተሰበሰበው ሰው ነገሩ ሙሉ በሙሉ ባይገባውም፣ አንድ ሰው የማይባል ነገር ሲያመልጠው ያውቃልና ጠጋ አለ። ሥራ አስኪያጁ ፈገግ አለና ወደ መኪናው ተመለሰ።

ትልልቆቹ ፓምፖች የተነሱት ከሰዓት በኋላ ነው፣ ማንም ሳያጨበጭብ። ጋሽ ሞልቷል ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው አስነሷቸው። መርፌው ከፍ አለ፣ ረጋ፣ እዚያው ቆመ። ላይኛው ሰፈር ቧንቧዎች ተንፈስ ተንፈስ ብለው ውሃ ሰጡ፤ ሰዉም ጀሪካኑን ጥሎ በባልዲ፣ በድስት፣ ባገኘው ነገር ሁሉ ቀዳ። ሸለቆው ውስጥ አንሶላዎቹ ገመዱ ላይ ደረቁ። እትዬ አጣጥፈው አስገቧቸው።

ሰፈሩ ያመሰገነው ሥራ አስኪያጁን ነው። ይህም ይሁን። መሐንዲሷ ግን ዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ቀረበች፤ መንገድ በመቆፈር፣ ምረቃ በማስተጓጎል፣ የመሥሪያ ቤቱን ስም በማጉደፍ። ጋሽ ሞልቷል ለመመስከር ያንኑ ኮታቸውን ለብሰው መጥተው ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠዋል፤ ግቡ ያላቸው የለም። ሰብሳቢው የሞዴሉን ሥዕል ወዲያና ወዲህ እያገላበጠ አየው። ቃለ ጉባኤ ያዢዋ ብዕሯን ይዛ ትጠብቃለች።

«ይቅርታ ጠይቂና እንዝጋው» አላት ሰብሳቢው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ምሳ ሰዓት ደርሶበታል።

«በምን?»

«ይፈነዳል ብለሽ አገር አተራመስሽ» አለ ሥራ አስኪያጁ ከጎኑ። እጁን ዘረጋ። «እስቲ ለኮሚቴው ንገሪ። ምን ፈነዳ? የትኛው ቤት ፈረሰ? ማን ተጎዳ? ውሃው ይኸው ይፈሳል። ምንም አልሆነም እኮ! ምንም!»

ያልፈነዳ ቧንቧ በምን ይመሰከራል? ያልወደቀ ግድግዳ ማን ፎቶ ያነሳል? መሐንዲሷ ተነስታ ቆመች። መዳፏ ላይ የዲጂኖው ቁስል ገና ቅርፊት አልጣለም።

«ያሁኑን ይድገምልኝ» አለች።

«ምኑን?»

«መጨረሻ ላይ ያልከውን።»

ሥራ አስኪያጁ ወደ ሰብሳቢው አየ። «ምንም አልሆነም ነው ያልኩት።»

መሐንዲሷ ወደ ቃለ ጉባኤ ያዢዋ ዞረች።

«ጻፊልኝ እህቴ፤ በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ። ምንም አልሆነም ብሏል። የሠራሁት ይህንኑ ነው።»